ግንፍሌ ላይ የወደቀው ባሕር ዛፍ

ደራሽ ውሃ ሲመጣ ድምፁ ይቀድማል። ግንፍሌ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። አራት ኪሎ ላይ ፀሐይ ነው፤ እንጦጦ ግን ጠቁሯል። ትንሽ ቆይቶ ከላይ በኩል ገልባጭ መኪና ኮረት ሲያራግፍ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። እናቴ ያኔ የያዘችውን ሥራ ጥላ "ልጆች፣ ውጡ ከዚያ!" እያለች ትወርድ ነበር። ብዙም አይቆይ፣ ቡናማው ውሃ ፌስታሉን፣ ሃይላንዱን፣ አሮጌ ፍራሹን ተሸክሞ ከች ይላል።

አንድ የሐምሌ ሌሊት ግን ሙሉ ባሕር ዛፍ ይዞ መጣ። ከነሥሩ። ጠዋት ስንነሳ ከጓሯችን በታች፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። ሙያዬ ቅየሳ ነው፤ ሜትር ከእጄ አይጠፋም። ወርጄ ለካሁት። ከጉቶው እስከ ጫፉ 14 ሜትር። ወንዙ እዚያ ጋ በበጋ ከ5 ሜትር አይሰፋም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአራት ክረምት ያን ቦታ ተከታተልኩት። መጀመሪያ በፍርሃት ነበር፤ አጥራችን ሊሄድ ነው ብዬ። በኋላ ሱስ ሆነብኝ። ጊዜው የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ወደ እኛ ሰፈር ከመድረሱ በፊት ነው። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያነበብኩትን የማስገባው ያየሁትን ሲያስረዳልኝ ብቻ ነው።

ቦታው

ግንፍሌ ከእንጦጦ ግርጌ ተነስቶ በአራት ኪሎና በቀበና መሀል ይወርዳል። ኋላ ከቀበና ወንዝ ጋር ይገናኛል። ውሃው ትልቁ አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል፣ አዋሽ እያለ ሄዶ ባሕር ሳያይ አፋር ላይ ይቀራል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አቃቂ በኩል 2,100 ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ከተማ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ዝናቡ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረውን ውሃ አሁን ቆርቆሮውና አስፋልቱ ተቀብለው በቱቦ በቀጥታ ወንዝ ይከቱታል። ስለዚህ ግንፍሌ በመጋቢት ልጅ የሚዘለው ጅረት ነው፤ በነሐሴ በሬ ይወስዳል።

መታጠፊያው ላይ በእኛ በኩል ጥቂት ግቢዎች አሉ። የእኛ ዳርቻ ሲያዩት አያምርም። ሸምበቆ አለ፣ ሰንሰል አለ፣ ሁለት ብሳና፣ ግራዋ፣ ማንም ያልተከለው ጉሎ። ሸምበቆውን የተከሉት አያቴ ናቸው። ለወንዙ ብለው ሳይሆን ለአጥር ብለው። ከእኛ ቀጥሎ ወደ ታች ያለው ጎረቤቴ አብሮ አደጌ ነው፤ ሥርዓት ይወዳል። ሸምበቆውን ከነሥሩ ነቅሎ ቆስጣና ሰላጣ አደረገበት። ንጹህ፣ መስመሩን የጠበቀ ጓሮ። እናቴ "የእሱን እያየህ አታፍርም?" ትለኝ ነበር። ማዶ በኩል ዳርቻው ዝቅ ያለ ነው። ጠጠርና ደለል ይተኛበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

የመጀመሪያው ክረምት

ግንዱ የተጋደመበትን አኳኋን ልብ በሉልኝ። ጉቶው ወደ እንጦጦ ዞሯል፤ ጫፉ ወደ ታች ነው። በአጋጣሚ አይደለም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ከውሃ ብዙም አያንስም፤ በሙላት ጊዜ አብዛኛው አካሉ ተነክሮ ነው የሚጓዘው። መጀመሪያ መሬት የሚነካው የተንጠለጠለው ሥር ነው። ሥሩ ጠጠር ውስጥ ሲተከል ጉቶው መልሕቅ ይሆናል። ቀሪውን አካል ውሃው እየገፋ ወደ ታች ያዞረዋል።

በሳምንት ውስጥ ግንዱ ብቻውን መሆኑ ቀረ። ቅርንጫፍ፣ አጠና፣ ፌስታል፣ የሸራ ጫማ፣ አንድ የተጨራመተ በርሜል ተደገፈበት። ግድግዳ ሠራ። ከዚያ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ሆነ። ከጉቶው ፊት ውሃው ወደ ታች እየተጠቀለለ ጉድጓድ ቆፈረ፤ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው። በዱላ ስለካው እስከ ወገቤ ደረሰ። ከጉቶው ጀርባ፣ ውሃው በሚያርፍበት ከለላ ውስጥ፣ ጠጠርና አሸዋ ተኛ። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ትንሽ ደሴት ሆኖ ወጣ። የቀረው ውሃ ደግሞ መንገዱ ጠበበውና ወደ እኛ ዳርቻ ዞሮ ይመታ ጀመር። ውሃ ሲጠበው ይፈጥናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ነው።

ሌሊት ሌሊት ባትሪ ይዤ አጥሩን ስጠብቅ ከረምኩ። አጥራችን ምንም አልሆነም። የሄደው የጎረቤቴ ጓሮ ነው።

አካሄዱን አይቼዋለሁ። ወንዙ ሞልቶ ሲያጓራ ጓሮው ቆሞ ነበር። የተናደው በማግስቱ ነው፤ ፀሐይ ወጥቶ፣ ውሃው ጎድሎ፣ ሰውዬው በረንዳው ላይ ሻይ እየጠጣ። መጀመሪያ መሬቱ ላይ የጣት ስፋት ያለው ስንጥቅ ታየ። ከዚያ ሁለት መደብ ቆስጣ ከነአፈሩ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰከረ ሰው ዘንበል አለና ወንዙ ውስጥ ቁጭ አለ። ቆስጣው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነበር። ጎረቤቴ ብርጭቆውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። ምንም አላለም።

ለምን በማግስቱ? በሙላቱ ጊዜ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ግን ወንዙ ራሱ ከጎን ደግፎ ይዞታል። ወንዙ በድንገት ሲጎድል ድጋፉ ይሄዳል፤ ክብደቱ ይቀራል። ከሥሩ ደግሞ ሌሊቱን ሲቦረቦር አድሯል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን እስከዚያ ቀን የሰው ፀባይ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሥሩ ምን ይዞ ነው?

የእኛ ዳርቻ ለምን ቆመ? ጓሮው በተናደበት በኩል ወረድኩና የእኛን ዳርቻ ከጎኑ አየሁት። የተቆረጠ ዳቦ ውስጡን እንደማየት ነው። ላይኛው ክፍል የሸምበቆው ሥር ነው፤ ወፍራም፣ እንደ ዝንጅብል እርስ በርሱ የተቆላለፈ። በመሀሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ የሰንሰል ሥር ተበትኗል። የብሳናው ሥር ሁሉንም አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። በጣቴ ልፈረፍረው ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። የጎረቤቴን ስነካው እንደ ደረቅ በሶ ተበተነ። የቆስጣ ሥር ቢወርድ ስንዝር ተኩል ነው። ዳርቻው ግን ሁለት ሜትር ተኩል ቁመት አለው።

ነገሩን ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። አፈር ሲጫኑት ይችላል፤ ሲጎትቱት ግን ወዲያው ይሰነጠቃል። ሥር ደግሞ ሲጎትቱት ይችላል። ሁለቱ ሲገናኙ ያው ኮንክሪትና ፌሮ ናቸው። ጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ የሚገባውስ ለምን ሆነና?

ከመሬት በላይ ያለውም ሥራ አለው። ሙላት ሲመጣ ሸምበቆው ይተኛል። ውሃው በአናቱ ይሮጣል፤ በውስጡ የሚያልፈው ግን ይደክመዋል። የደከመ ውሃ የተሸከመውን ይጥላል። በመስከረም የእኛ ሸምበቆ ሥር ጫማ የሚውጥ አዲስ ደለል ነበር። ጎረቤቴ መሬት ሲያጣ እኛ አገኘን ማለት ነው። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም።

በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ አንድ ሙከራ በጣም ደስ አለኝ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሚካል ታልና ክሪስ ፓዎላ የሚባሉ ተመራማሪዎች አሸዋ በሞላ ትልቅ ገንዳ ላይ ውሃ ለቀቁ። ውሃው አሸዋውን እየበጣጠሰ በብዙ ቀጫጭን መስመር ተበተነ፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ከዚያ ውሃውን ቀነሱና የአልፋልፋ ዘር በተኑበት። ያው ለከብት መኖ የምንተክለው አልፋልፋ ነው። ዘሩ ሲበቅል እንደገና ሙላት ለቀቁ። ይህን ደጋገሙት። የተበጣጠሰው ውሃ ቀስ በቀስ ተሰብስቦ አንድ የሚጠማዘዝ ወንዝ ሆነ። ውጤቱን ያወጡት በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ውሃው ያው፣ አሸዋው ያው። የተጨመረው ቡቃያ ብቻ።

በዓለም ታሪክም እንዲሁ ሆኗል። ከ450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዕፅዋት ገና የብስ ላይ ሳይስፋፉ፣ የነበሩት ወንዞች አለት ውስጥ የተዉት አሻራ በአብዛኛው ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ የተበታተነ ነው። ጭቃማ ዳርቻ ይዞ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ወንዝ የበዛው ሥር ከመጣ በኋላ ነው።

"ታዲያ ባሕር ዛፉስ ሥር አልነበረውም?" አለኝ ጎረቤቴ አንድ ቀን። ጥያቄው ትክክል ነው። ወንዙን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁና የተነቀለበትን ጉድጓድ ፈለግኩ። ሩቅ አልነበረም። አንድ መደዳ ባሕር ዛፍ ገደሉ አፋፍ ላይ ተተክሏል። ከሥሩ መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ሣር የለም፣ ቁጥቋጦ የለም። የረገፈው ቅጠል ሳይቀር ለማገዶ ይጠረጋል። ገደሉ ከዛፎቹ ሥር በላይ ይረዝማል። ውሃው ከሥሩ በታች ገብቶ ቦርቡሮ ሲጨርስ ዛፉ የራሱ ክብደት ጣለው። ባሕር ዛፍን ለመኮነን አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ማገዶና የቤት እንጨት ባያቀርብ ኖሮ አዲስ አበባ ምን ትሆን እንደነበር አላውቅም። ግን አፋፍ ላይ ብቻውን በመደዳ የቆመ ረጅም ዛፍ ዳርቻ አይጠብቅም። ተራውን ነው የሚጠብቀው።

እድሩ ተሰበሰበ

ጥቅምት ላይ ነገሩ እድር ደረሰ። የእድሩ ዳኛ ግንዱ ይቆረጥና ይሸጥ አሉ። ጎረቤቴ ያለቅሳል ማለት ይቻላል። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ይቆረጥ ብዬ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ብቻ "ተዉት ልጆቼ፣ ያ እንጨት ጠጠሩን ይዞልናል" አሉ። "እሺ እትዬ" አልናቸው። እሺ የምንለው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሁለት ሰዎች መጋዝ ይዘው ሁለት ቀን ሠሩ። ግንዱ ተቆርጦ ተሸጠ። ገንዘቡ ለድንኳን ማሳደሻ ገባ። ጉቶው ግን አልነቃነቅ ብሎ ቀረ።

ሁለተኛው ክረምት ሲገባ፣ ሰኔ ሳያልቅ፣ ደሴቱ በአንድ ሌሊት ተነሳ። የት ሄደ? ከእኛ ወደ 60 እርምጃ ዝቅ ብሎ ትንሽ የእግረኛ ድልድይ አለ። እዚያ ሥር ተኛ። የወንዙ ወለል ከፍ አለ፣ የድልድዩ አፍ ጠበበ፣ ፌስታሉ ዘጋው። ቀጣዩ ደራሽ መሄጃ ሲያጣ ወደ ሰው ቤት ገባ። እትዬ ካሉበት በታች ያሉት ሦስት ቤቶች ፍራሽ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ ከረሙ። ግንዱ አንድ ገልባጭ የሚሞላ ጠጠር ይዞ ነበር። እኛ በራሳችን እጅ ለቀቅነው።

እንዲህ ያለ ስህተት የሠራነው እኛ ብቻ አለመሆናችን ትንሽ ያጽናናል። አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ሬድ ሪቨር የሚባለውን ወንዝ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የግንድ ክምር ዘግቶት ነበር። ለመርከብ መንገድ ሲሉ በ1830ዎቹ ጠራርገው አወጡት። ተመልሶ ተከመረ። በመጨረሻ በ1873 እ.ኤ.አ. በፈንጂ ጭምር ተጠረገ። ክምሩ አቁሯቸው የነበሩ ሐይቆች ጎደሉ። ጀፈርሰን የምትባል የቴክሳስ ከተማ ወደብ የነበረችው በዚያ ውሃ ነበር፤ ወደብነቷ ቀረ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። እሱ በዚያ በጋ ብድር ገብቶ የድንጋይ ግንብ አሠርቶ ነበር። ሁለት ሜትር ቁመት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሲያዩት ልብ የሚሞላ። መሠረቱ ግን ለወንዝ አልተቆፈረም፤ እንደ ማንኛውም የግቢ አጥር ነው። ልስን ግንብ ውሃን አያደክምም። ውሃው እየተንሸራተተ፣ እየፈጠነ፣ ጉልበቱን ሁሉ ግርጌው ላይ አወረደ። ነሐሴ ውስጥ ግንቡ በደረቱ ተደፋ። አንድ ድንጋይ እንኳ አልተላቀቀም። እንዳለ።

ደቦ

ሦስተኛው ክረምት ከመግባቱ በፊት ጎረቤቴ እኔ ቤት መጣ። "ያንተ አያት የተከሉትን ስጠኝ" አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ፊቱ ግን ቀልድ አልነበረም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ደቦ ጠራን። መጀመሪያ ገደል የሆነውን ዳርቻ ቆርጠን ጋደል አደረግነው። ለዚህ ጎረቤቴ አንድ ሙሉ መደብ ለቀቀ፤ ፊርማ ቢጠየቅ ኖሮ እምቢ ይል ነበር መሰለኝ። ግርጌው ላይ የወደቀውን ግንብ ድንጋይ ደረደርን። ከድንጋዩ ጎን ሁለት ወፍራም ግንድ አጋደምን፤ ወንዙን እንዳይዘጋ አቅጣጫውን ከውሃው ጋር አድርገን፣ በአጠና ችካል ወጥረን። ከዚያ በላይ ሸምበቆ ከነሥሩ፣ ሰንሰል፣ መሀል መሀል ደግሞ አኻያ።

አኻያን የመረጥነው በአንድ ፀባዩ ነው። እርጥብ ቅርንጫፉን ቆርጦ እርጥብ መሬት ላይ የሰካ ሰው ዛፍ ያገኛል። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል እንጂ ግንዱ ወድቆ እንዲህ በቀላሉ ሥር አይሰድም። ሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ውስጥ ታልያሜንቶ የሚባል ወንዝ አለ። እዚያ ሙላት የሚጥላቸው የአኻያና የፖፕላር ግንዶች በወደቁበት ያቆጠቁጣሉ። አሸዋ ይይዛሉ፣ ደሴት ይሆናሉ፣ ወንዙን ለሁለት ይከፍሉታል። የሞተ እንጨት በስብሶ እስኪያልቅ ነው የሚያገለግለው። የሚያቆጠቁጠው ግን እየቆየ ይጠነክራል።

ሁሉም አልሰመረም። ከሰካነው አኻያ ሲሶው ደረቀ። ጥቂቱን የማን እንደሆነ ያልታወቀ በግ ጨረሰው፤ የበጉ ባለቤት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ችካል ወጥቶ ግንዱ ተንሳፍፎ ሄደ። ግን ያን ክረምት ጓሮው አልተናደም። በአራተኛው ክረምት ግርጌው ላይ ደለል ተኛ፤ ድንጋዩ ተሸፈነ። ዳርቻው አሁን ሲያዩት አያምርም። እናቴ "ደግሞ እሱም እንዳንተ ሆነ" አለች።

ጉቶውስ? ያን ጊዜም እዚያው ነበር። ከፊቱ ጉድጓዱ አለ። ከጀርባው ትንሽዬ የጠጠር ጉብታ ተመልሳ ገብታለች። ወንዝ ላይ የወደቀ ግንድ ይውጣ ወይስ ይቅር ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው። ከድልድይና ከቱቦ አፍ በላይ ያለ ግንድ ክረምት ሳይገባ ይውጣ፤ እዚያ ምሕረት የለም። ወንዙ ሰፋ ባለበት፣ ከሥሩ የሚጠጋ ቤት በሌለበት ግን ጫፉን ቁረጡ፣ ጉቶውን ተዉት። ቆሻሻውን በየሳምንቱ ልቀሙለት። ዋናው ግንዱ አይደለም፤ የት እንደተኛና ፊት ለፊቱ ያለው ዳርቻ ምን እንደለበሰ ነው።

ማዶ

አንድ ነገር ሳልቆጥር ቀረሁ። ሸምበቆው ተስማማውና ወደ ወንዙ ገባ። ከጉቶው ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ ተሻገረ። ደለሉን ያዘ፣ ጉብታዋ አደገች። እኛ ጋ ወንዙ ጠበበ። ውሃው ደግሞ የሚያስፈልገውን ስፋት ከሆነ ቦታ ማግኘት አለበት።

አራተኛው ክረምት እንዳለፈ፣ መስቀል ማግስት፣ ማዶ ያሉት ሽማግሌ በነጭ ጋቢያቸው ዳርቻው ላይ ቆመው ጠሩኝ።

"አንተ ቀያሹ!"

"አቤት ጋሼ!"

"የልጆቹ ኳስ ሜዳ የት ሄደ?"

አየሁት። የጎል ምልክት የነበሩት ሁለት ድንጋዮች አንዱ የለም። ዳርቻው አዲስ ተቆርጦ ቀይ አፈሩ ይታያል። ለይቅርታ አፌን ስከፍት አቋረጡኝ።

"ሸምበቆውን ተክላችኋል፣ ደግ አደረጋችሁ። አሁን የተረፈውን ለእኔም አምጡ። ያንንም" ወደ ጉብታዋ ጠቆሙ "በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ታጭዱታላችሁ። ወንዙ የጋራ ነው።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ይህኛው እሺ የምር ነበር።

"እሺ ብቻ? ያ ሜትርህ የሚለካው የእናንተን በኩል ብቻ ነው እንዴ?"

በጉቶው ላይ ረግጬ ተሻገርኩ። አንዱን ጫፍ ሽማግሌው ያዙልኝ። አንድ ሜትር ከአርባ።